የመክሊቱ ሒሳብ፦ የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ለፎገራ አጥቢያዎች ምን ይጠቅማል?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በወረታ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ለጆሮ ከበድ ያለ ነው፤ «የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ የምስክር ወረቀት ትምህርት» ይላል። ከእናንተ መካከል «ይህ የባንክ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ኪዳኑና ቅዳሴው ከሚጠብቀን ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እኛም የሥነ መለኮት ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በዚሁ በሜዳው ላይ የሠራነው ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ንግግራችንን ከስሕተታችን እንጀምራለን።

በታኅሣሥ የተከፈለው ዕዳ

ስሙን መጥራት በማያስፈልገን በአንድ የሜዳው አጥቢያ ለእናቶች ተዘዋዋሪ ብድር አዘጋጅተን ነበር። ብድሩ በሰኔ ተሰጠ፤ ዘርና ማዳበሪያ ተገዛበት፤ ሩዙም ተዘራ። የመመለሻውን ቀን የወሰንነው እኛ ነን፤ «ታኅሣሥ መጨረሻ» አልን። ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚታጨድ ያን ጊዜ ገንዘብ በእጃቸው ይኖራል፤ ለእኛም ሪፖርት ይመቻል ብለን ነበር። እናቶቹ አላሳፈሩንም፤ አንዲትም ሳትቀር ከፈሉ። እኛም «የብድር አመላለስ 100 በመቶ» ብለን በደስታ ጻፍን።

በተከታዩ ነሐሴ ከተበዳሪዎቹ አንዷን እናት ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ ሲገዙ አገኘናቸው። የራሳቸውን ሩዝ በታኅሣሥ ሸጠው ዕዳቸውን ከፍለዋል፤ አሁን ለልጆቻቸው ቀለብ የሚሆነውን ከሸጡበት በበለጠ ዋጋ መልሰው ይገዛሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ልጄ፣ ዕዳውን በታኅሣሥ ሳይሆን ክረምቱ ሲገባ ብከፍላችሁ ኖሮ ምን ይጎድልባችሁ ነበር?»

መልስ አልነበረንም። የብድሩን መጠን አስበን ነበር፤ የተበዳሪዎቹን ቁጥር አስበን ነበር፤ ቀኑ ራሱ ዋጋ እንዳለው ግን አላሰብንም። ሁሉም ተበዳሪ በአንድ ሳምንት እንዲከፍል ስናዝዝ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዲሸጥ ማዘዛችን ነበር። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። መልካም ልብ ይዘን ሄደን ሳናውቅ የእናቶችን እህል በርካሽ አሸጥን። እኒያ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

በአጭሩ ለመናገር፣ የፋይናንስ ኢኮኖሚክስ ሰዎች ዛሬ ያላቸውን ገንዘብ ለማይታወቅ ነገ እንዴት እንደሚያውሉት የሚያጠና ትምህርት ነው። በብዙ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችና ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች በጥቂት ኮርሶች ተጠቃልሎ በምስክር ወረቀት ደረጃ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የኢኮኖሚክስ መሠረታውያን፣ ገንዘብና ባንክ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሥጋት ምዘናና የኢንቨስትመንት ስሌት ይገኙበታል። በአገራችን ኢኮኖሚክስ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ ለእኛ ቅርብ የሆኑት የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምሩታል። ወረታ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የደብረ ታቦሩን የሚገነጥልበት ከተማ በመሆኑ ለሁለቱም ጎረቤት ነው።

የትምህርቱን ፍሬ በሦስት ቃላት መሰብሰብ ይቻላል፤ ጊዜ፣ ሥጋትና መተማመን። ሦስቱንም በዚህ ሜዳ ላይ እንያቸው።

ስለ ጊዜ

አንድ አጥቢያ የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ለማደስ 300,000 ብር ሰብስቧል እንበል። ኮሚቴው ገንዘቡ እንዳይባክን ብሎ በሣጥን ቆለፈበት፤ ሁለት ዓመትም አስቀመጠው። የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር ያው ጣሪያ ከሁለት ዓመት በኋላ 432,000 ብር ይጠይቃል። ከሣጥኑ አንድ ብር አልተሰረቀም፤ ነገር ግን 132,000 ብር ጎደለ። ገንዘቡ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እንዲሆን በወሰነው 7 በመቶ ባንክ ገብቶ ቢሆን 343,470 ብር ይሆን ነበር፤ አሁንም 88,530 ብር ይጎድላል። ስለዚህ ሣጥን አይበጅም፤ ባንክም ብቻውን አይበቃም። ሥራው የማይቀር ከሆነ ቆርቆሮውን አስቀድሞ ገዝቶ በደረሰኝና በንብረት መዝገብ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሳያሰሉ ገንዘብ ማስቀመጥ ከቀድሞው ይልቅ አስጊ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳልና።

ወደ እኒያ እናት ጥያቄ እንመለስ። ቀጥሎ የምንጠራቸው ዋጋዎች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የገበያው ዋጋ በየዓመቱ ይለያያል። አንዲት እናት 10 ኩንታል ሩዝ አላቸው፤ በታኅሣሥ ኩንታሉ 4,000 ብር ነው። ዛሬ ቢሸጡ 40,000 ብር ያገኛሉ። ሳይሸጡ ቆይተው የ40,000 ብር ዕዳቸውን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለስድስት ወር ቢያራዝሙ ወለዱ 3,600 ብር ነው። ለጆንያና ለተባይ መከላከያ 1,000 ብር ያወጣሉ፤ ግማሽ ኩንታል በአይጥና በነቀዝ ይጠፋል። በሰኔ ኩንታሉ 5,200 ብር ቢገባ፣ ከ9 ኩንታል ተኩል ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 44,800 ብር ይቀራል፤ መታገሣቸው 4,800 ብር አተረፋቸው። ዋጋው 4,600 ብር ላይ ቢቆም ግን የሚቀረው 39,100 ብር ነው፤ መታገሣቸው 900 ብር አከሰራቸው። መለያው ድንበር 4,695 ብር ገደማ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ «ምንጊዜም አቆዩ» ወይም «ምንጊዜም ሽጡ» አይልም። ድንበሩ የት እንደሆነ አስልታችሁ ወስኑ ይላል። ይህን ስሌት ለመሥራት ከአራቱ የሒሳብ ስሌቶች በላይ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ስሌቱን መሥራት የሚገባ መሆኑን ማወቅ ነው። እኛ ያላወቅነው ይህን ነበር።

ስለ ሥጋት

ፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ የሚተኙበት ሜዳ ነው። ውኃው ደለሉን ያመጣል፤ ጎርፉንም ያመጣል። ቀድሞ ውኃ የሚተኛበት ይህ መሬት ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ስለገባበት ባለጸጋ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ዝርያ የማያውቅ ገበሬም በመካከላችን የለም። ነገር ግን በረከቱ የመጣበት በር ሥጋቱም የሚገባበት በር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደውን ጎርፍ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

አባቶቻችን ለሥጋት መድኃኒት አበጅተዋል፤ እድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን። እድር አንድ ቤት ኀዘን ሲገባው መቶ ቤት እንዲሸከመው የሚያደርግ ታላቅ ጥበብ ነው፤ የዛሬ የመድን ድርጅት የሚሠራውም በዚሁ ሥርዓት ነው። ሆኖም እድር የሚሠራው መከራው አንዱን ነክቶ ሌላውን ሲተው ነው። ርብ ሲሞላ ግን የእድርተኛው ሁሉ ማሳ በአንድ ሌሊት ይዋጣል፤ ያን ጊዜ ማን ለማን ያዋጣል? ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ሥጋት እንዳለ የሚያስተምረው በዚህ ነው፤ አንዱ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሸከመው፣ ሌላው ሁሉንም በአንድነት የሚመታ። ለሁለተኛው ከሜዳው ውጭ ያለ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የደጋው አጥቢያና የሜዳው አጥቢያ የመረዳጃ ቃል ኪዳን ቢገቡ የሜዳው ጎርፍ ደጋውን አይነካውም፤ የደጋው በረዶም ሜዳውን አይነካውም።

«ዘርን ማብዛት» የሚለውም ምክር በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ከሩዝ ቀጥሎ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ መዝራት፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ማልማት፣ የፎገራን ላም ማርባት መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ገበሬ በአንድ ወር ሽንኩርት ካወጣ፣ ወይም በሰላም እጦት መንገዱ ተዘግቶ መኪና ካልገባ፣ አምስቱም ምርት በአንድ ቀን ይረክሳል። መቁጠር ያለብን የምርቶቹን ብዛት ሳይሆን በአንድነት የሚወድቁና የማይወድቁ መሆናቸውን ነው። ዮሴፍ በግብፅ ምድር ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት ያዘጋጀው ይህን አውቆ ነው።

ሌላም ሥጋት አለ። ወጣቶቻችን በስልካቸው «ገንዘብህ በአንድ ወር እጥፍ ይሆናል» የሚል ጥሪ ይደርሳቸዋል። ይህን ትምህርት በጥቂቱ የቀመሰ ሰው ግን ከፍ ያለ ትርፍ ያለ ከፍ ያለ ሥጋት እንደማይገኝ ያውቃል፤ ተስፋ ለሚሰጠው ሰው «ሥጋቱን የሚሸከመው ማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ያቀርብለታል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ነገ የአክሲዮን ሻጮች ወደ አጥቢያችን በር መምጣታቸው አይቀርም። እውነተኛውን ሻጭ ከአታላዩ የሚለይ ሰው በኮሚቴያችን ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ስለ መተማመን

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ዘመን የኖረችው በመሬቷ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያ ሁሉ ሲቀር የቀራት የምእመናኗ እጅ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በሰበካ ጉባኤ አንድ አድርጎ አስተዳደሩን በጋራ እጅ ላይ ባያኖር ኖሮ ያን ጊዜ እንዴት እንወጣው ነበር? ስለዚህ በሙዳየ ምጽዋት የገባ እያንዳንዱ ብር ከመተማመን የተወለደ ነው፤ መተማመኑ ሲጎድል ብሩም ይጎድላል።

ኢኮኖሚስቶች ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። አበዳሪው የማያውቀውን ተበዳሪው ያውቃል፤ ምእመኑ የማያየውን ገንዘብ ያዥ ያያል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ወይ መያዣ ነው፣ ወይ ምስክር፣ ወይ ግልጽ ሒሳብ። በክልላችን የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በቅርቡ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ መያዣ ለሌላቸው ገበሬዎች በቡድን ዋስትና ያበደረው ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ምርት የመሳሰለውን አስይዞ ለመበደር የሕግ መንገድ ከፍቷል። መንገዱ ሲከፈት ግን አደጋውም አብሮ ይመጣል። ነህምያ በዘመኑ ሕዝቡ እርሻውንና ቤቱን ስለ እህል አስይዞ ልጆቹን ለባርነት እስከ መስጠት መድረሱን ሰምቶ እጅግ እንደተቈጣ መጽሐፍ ይነግረናል። ምእመኖቻችን ከመፈረማቸው በፊት ውሉን የሚያነብላቸው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢያገኙ ምንኛ መልካም ነው!

እኛ ዲያቆናት ይህን ከማንም በላይ ልናስብ ይገባናል። ሰባቱ ዲያቆናት በሐዋርያት ሥራ የተመረጡት በዕለቱ ምግብ አሰጣጥ ላይ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ነው፤ መዓርጋችን ራሱ ከአከፋፈል ፍትሕ ጋር የተወለደ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ስጦታ ሲወስድ ማንም እንዳይነቅፋቸው ሌሎች የተመሰከረላቸውን ወንድሞች አብሮ ልኳል። ይህ ዛሬ በባንክ ሒሳብ ላይ ሁለት ፊርማ የምንጠይቅበት ምክንያት ነው። ቁጥጥር ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ታማኙን ሰው ከሐሜት መጠበቅ ነው።

ወለድና አራጣ

ከአባቶች ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስለ ወለድ ማስተማር ለካህን ይገባዋልን?» የሚል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉም ልናልፈው አይገባም። መጽሐፍ ድኻን በአራጣ መጨቈንን ያወግዛል፤ ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድርና ስለ መያዣ ሥርዓት ይሠራል፤ የአገራችን የወንጀል ሕግም አራጣን ይከለክላል። በሌላ በኩል ጌታችን በመክሊቱ ምሳሌ ሰነፉን አገልጋይ የገሠጸው መክሊቱን ስለ ቀበረ ነው፤ ለለዋጮች ሊሰጠው ይገባ እንደነበረም ተናግሯል። ምሳሌው በዋነኛነት ስለ ጸጋ እንጂ ስለ ባንክ እንዳልተነገረ እናውቃለን፤ ግን መቅበር ከጥንቃቄ እንደማይቈጠር ይነግረናል።

በእኛ አስተያየት ለካህን የሚገባው ልዩነቱን ማወቅ ነው። በክረምት የተራበን ሰው አንድ ኩንታል አበድሮ በመኸር ሁለት የሚቀበል፣ በወገኑ ረኃብ ይነግዳል። ሥጋትን ተካፍሎ፣ ዋጋውን በግልጽ ተናግሮ፣ ተበዳሪው ሊከፍል በሚችልበት ቀን የሚቀበል ግን አገልግሎት ይሰጣል። ልዩነቱን ለመለየት የወለዱን ስሌት ማወቅ ግድ ነው፤ ስሌቱን የማያውቅ ካህን አራጣውን በስሙ እንጂ በሥራው ሊያውቀው አይችልም።

ካህናት ያስተማሩት ኢኮኖሚክስ

ይህ ሐሳብ እንግዳ እንዳይመስለን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች በነጋዴ ዕዳ ተይዘው በነበሩበት ዘመን፣ የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ለሕዝብ ትምህርት የሚሰጥ ክፍል አቋቋመ፤ እንዲመሩትም ካህኑን ሞዘስ ኮዲን ሾመ። ትምህርቱ ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ጎረቤታሞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ተሰብስበው ገበያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ዕዳቸው ለምን እንደማያልቅ ያጠኑ ነበር። ከጥናቱ በኋላ የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ማኅበራትና የኅብረት ሥራ መደብሮች አቋቋሙ። እምነታቸው ከእኛ ይለያል፤ ከሥራቸው የምንማረው ግን ግልጽ ነው፤ ቅድሚያ የሄደው ትምህርቱ ነው፤ ገንዘቡ የተከተለው ከኋላ ነው። እኛ በዚህ ሜዳ ብዙ ጊዜ የሠራነው በተቃራኒው ነው፤ ገንዘቡን አስቀድመን ትምህርቱን ወደ ኋላ አስቀረን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ወጣቶችን፣ አንድ ዲያቆንና አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት እኅት፣ ይምረጥ። ሴቲቱ ለወጉ ያህል የምትጨመር እንዳትሆን፤ የቤቱን ቀለብና የገበያውን ዋጋ ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቶቻችን ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበረሰብን ማገልገል አንዱ ተግባራቸው ስለሆነ፣ በአማርኛ የሚሰጥ አጭር የምስክር ወረቀት ትምህርት እንዲያዘጋጁልን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ጊዜው ሩዙ ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ይመቻል። የፈተናውም የመጨረሻ ክፍል ተማሪው የራሱን አጥቢያ የአንድ ዓመት ሒሳብ አዘጋጅቶ በሰበካ ጉባኤው ፊት ማስረዳት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ እስኪጀመር ሳንጠብቅ የአጥቢያው ገቢና ወጪ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነበብ።

አራተኛ፣ ብድር የሚሰጥ ማኅበር ሁሉ የመመለሻውን ቀን ከተበዳሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ይወስን።

«ልጆቹ የምስክር ወረቀቱን ይዘው ወደ ከተማ ይሄዱብናል» የሚል ሥጋት እንዳለ እናውቃለን። አንዳንዶቹ ይሄዳሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያልተማሩትም እየሄዱ ነው፤ ባዶ እጃቸውን እየሄዱ ነው። ተምሮ የሚቀር አንድ ወጣት ለአጥቢያው የሚተርፈውን ያህል፣ ተምሮ የሚሄድም ቢያንስ አይታለልም።

በመጨረሻ የእኒያን እናት ጥያቄ ሳንመልስ ልንወርድ አይገባንም። ብንዘገይም መልሰናል። ከእናቶቹ ጋር ተቀምጠን ቀኑን ወደ ግንቦት መጨረሻ አዛወርን። ሰኔ ያልተባለው ገንዘቡ ለሚቀጥለው ዘር በሰኔ መልሶ መሰጠት ስላለበት ነው፤ ይህንንም ስሌት ያሳዩን እናቶቹ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አልከፈሉም፤ የሁለት እናቶችን ሩዝ አይጥ ጎድቶት ዘገዩ። ስለዚህ ያን ዓመት ሪፖርታችን ላይ «100 በመቶ» ብለን መጻፍ አልቻልንም። በነሐሴ ግን እኒያን እናት ገበያ ላይ ስናገኛቸው የያዙት ጨውና የልጅ ደብተር ነበር፤ ሩዝ አልገዙም።

የአባቶቻችን አምላክ ማሳችንን ይባርክ፤ ክረምቱን በልክ ያድርግልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።